ሃይላይፍ ወይስ ሶካ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ለጭፈራ የሚበልጠው የምዕራብ አፍሪካ ሙዚቃ (ሃይላይፍ) ነው ወይስ የካሪቢያን (ሶካ)?

ለሃይላይፍ

የጋናን ሃይላይፍ በጥሞና የሰማ ሰው ይህን ጥያቄ አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢ.ቲ. ሜንሳ ከቴምፖስ ባንድ ጋር ሲጫወት ትራምፔቱ ይመራል፣ ጊታሩ ይከተላል፣ ከበሮው አይቸኩልም፤ ጥንዶች ሳይደክሙ ያነጉበታል። ሶካ ግን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሩጫ ነው። ደግሞም ካሪቢያን ከአፍሪካ በወሰደው ላይ የጨመረው ነገር የለም።

ለሶካ

«የጨመረው ነገር የለም»? ማሩን የተባሉት፣ ከባርነት ያመለጡ የጃማይካ ሰዎች ልጆች እ.ኤ.አ. በ1800 ሴራሊዮን ፍሪታውን ሲገቡ ጉምቤ የተባለውን ከበሯቸውን ይዘው ነው፤ ከዚያም በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ጠረፍ ሁሉ ተዳረሰ። በጋና ጠረፍ በኬፕ ኮስትና በኤልሚና የሰፈሩ የካሪቢያን ወታደሮች የአገራቸውን ዜማ በነሐስ መሣሪያ ሲነፉ የሰሙ ፋንቴዎች፣ የዚያው ጠረፍ ሰዎች፣ አዳሃ የተባለውን የነሐስ ባንድ ሙዚቃ ፈጠሩ። አዳሃ ከሃይላይፍ ሥሮች አንዱ ነው። የሜንሳ ባንድ ራሱ የትሪኒዳዱን ካሊፕሶ ይጫወት ነበር።

ለሃይላይፍ

ስለ ጭፈራ ጽፌ ስለ ጦር ሰፈር ተመለሰልኝ። የሃይላይፍን ጊታር ያሳደጉት ክሩ የተባሉት የላይቤሪያ መርከበኞች ናቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ የሚጫወቱበትን ስልት ከወደብ ወደ ወደብ አስተማሩ። ይህን ከጃማይካ ኪንግስተን ያመጣው የለም።

ለሶካ

ጉምቤውን ዘለሉት። እንግዲያው ሌላ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የትሪኒዳዱ ዘፋኝ ሎርድ ሾርቲ ካሊፕሶን ከትሪኒዳድ ሕንዶች ምት ጋር አዋሕዶ ሶካን ፈጠረ። የሕንዶቹ ከበሮ ዶላክ ከአፍሪካ የተወሰደ ነው? የእንግሊዝ ገዢዎች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከበሮን ቢከለክሉ፣ የትሪኒዳድ ድሆች ቀርከሃ እየደበደቡ ጨፈሩ፤ ቆይተውም ከነዳጅ በርሜል ዜማ አወጡ። ከበሮውን የተነጠቀ ሕዝብ ይህን ሁሉ ሠርቶ «የጨመረው የለም» መባሉ ያሳምማል።

ለሃይላይፍ

የማንንም ሕዝብ ክብር አልነካሁም፤ ቃሌ እንዲህ መተርጎሙም አሳዝኖኛል። ቁም ነገሩ ማን ከማን ወሰደ አይደለም፤ ዓለም ዛሬ የሚጨፍረው በማን ነው? የናይጄሪያው በርና ቦይ እ.ኤ.አ. በ2021 ግራሚ ተሸልሟል። ከሌጎስና ከአክራ የሚወጣው ሙዚቃ የለንደንን አዳራሾች ይሞላል።

ለሶካ

በርና ቦይ ፓትዋ በተባለው የጃማይካ ቋንቋ ሲያዜም ሰምተውታል? ዳንስሆል የተባለውን የጃማይካ ሙዚቃ ምት ከዘፈኖቹ ቢያወጡ ብዙዎቹ አይቆሙም። የጠየቁት ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ፦ መጀመሪያ የቱ ይበልጣል፣ ቀጥሎ ማን ጨመረ፣ አሁን ደግሞ ማን ተሸለመ። በሁሉም ላይ ልመልስልዎ ፈቃደኛ ነኝ። እርስዎ ግን ስለ ጉምቤው እስካሁን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም።