ሳሩ፣ ገደሉና ፔዳሉ

ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ብራስልስ ነው። ሟችን አላውቃቸውም፤ ልጃቸውን ግን አውቃታለሁ። እዚህ አገር ደግሞ የቀረህበት ለቅሶ ተመዝግቦ ይቀመጥልሃል። ንፍሮው ዞሯል፣ ቡናው እየተቀዳ ነው። አንዲት እናት የሟችን ደግነት እያወሩ እንባቸው ሲመጣ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ወዳጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

"ይቺን ትኬት እያት" አለኝ በሹክሹክታ።

ለካ የፍላንደርስ የብስክሌት ውድድር ቀን ነው። ወዳጄ የውርርድ ትኬት ቆርጧል። ያውም ማን ያሸንፋል ብሎ አይደለም። የዘመኑ ኃያል ጋላቢ ፖጋቻር ባለበት ፖጋቻር ያሸንፋል ብሎ መቁረጥ የቡና አያወጣም፤ ኦዱ፣ ማለትም ያስያዝከውን ብር የሚያባዛው ቁጥር፣ ከመሬት አይነሳም። እሱ የሚቆርጠው እናቶቻቸው ብቻ የሚያውቋቸውን ሁለት ቤልጂጎች አጋጥሞ፣ "ይሄኛው ከዚያኛው ቀድሞ ይገባል" ብሎ ነው። አንዱ 43ኛ፣ ሌላው 58ኛ ቢወጣ ለእሱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ጠቆረ። እናትየዋ አዩት።

"ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ መጣ እንዴ?"

"አይ እማማ፣ ጎማ ፈንድቶበት ነው።"

"እኔን! ተረፈ?"

ሰውየው ተርፏል። ትኬቱ ነው የሞተው።

ለቅሶ ቤት ስልክ ማውጣትን ነው እንግዲህ ልወቅስ የተነሳሁት። ግን አንዴ ከተነሳ አይቀር፣ ሰው ይቆምር ቢባል እንኳ እንዴት በብስክሌት ይቆምራል? ኳስ ቢያንስ ሜዳ አለው፣ አጥር አለው። ይሄኛው ሜዳው የሰው አገር መንገድ ነው። በ2021 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ቱር ደ ፍራንስ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ አንዲት ተመልካች ለአያቶቿ ሰላምታ የጻፈችበትን ካርቶን ይዛ ወደ አስፋልቱ ጠጋ አለች። ፊቷ ወደ ካሜራው፣ ጀርባዋ ወደ ጋላቢዎቹ። ቶኒ ማርቲን ካርቶኑን ገጭቶ ወደቀ። ከኋላው የነበረው ሕዝብ በላዩ ተከመረ። በየትኛው ኦድ ውስጥ ነው የአያት ሰላምታ የሚሰላው?

በ2006 ፓሪስ ሩቤ የሚባለው የአንድ ቀን ውድድር ላይ ደግሞ ባቡር መጣ። መዝጊያው ወርዷል። ሦስት ጋላቢዎች ሾልከው አለፉና ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ሆነው ገቡ። ወዲያው ተሰረዙ። ሁለተኛው ላይ የቆረጠ ሰው በባቡር ተበላ ማለት ነው። በ2016 እዚያው ውድድር ላይ ማቲው ሄይማን አሸነፈ። የ37 ዓመት ሰው፣ ከሳምንታት በፊት ክንዱን ሰብሮ ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት ሲለማመድ የከረመ። እሱ ላይ የቆረጠ ሰው ካለ ወይ ዘመዱ ነው ወይ በስህተት ነክቶት ነው። በ2020 ሮግሊች የሚባለው ጋላቢ ቱር ደ ፍራንስ ሊያልቅ ሲል በ57 ሰከንድ እየመራ ቆይቶ፣ በአንድ ከሰዓት ተገልብጦ በ59 ሰከንድ ተበለጠ። የላንስ አርምስትሮንግ 7 የቱር ድሎች ደግሞ አበረታች መድኃኒት በመጠቀሙ በ2012 ተፋቁ። ያኔ ተከታዩ ላይ ቆርጦ የተበላ ሰው አቤት የሚለው የት ነው?

ወዳጄን እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተው የኤርትራዊው ጋላቢ የቢኒያም ግርማይ ድል ነው። ቢኒያም ምን ያድርግ! መጋቢት 2022 ላይ የቤልጂጉን ውድድር ጌንት ቬቬልገምን ሲያሸንፍ እኛ ሰፈር የሐበሻ ቤት ሁሉ ጮኸ። የማይነጋገሩ ሰዎች ተቃቀፉ። ወዳጄ ግን ከዚያ ቀን የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እሱ ላይ ቆርጬ ቢሆን ኖሮ።" በግንቦት የጣሊያኑ ዙር ውድድር ጂሮ ላይ ቆረጠ። ቢኒያም አንዱን ቀን አሸነፈ፤ መድረክ ላይ ወጥቶ የወይኑን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ዓይኑን መታው። ከውድድሩ ወጣ። የወዳጄም ቀሪ ትኬት አብሮ ወጣ። ይሄ ሰው ቡሹን ሲረግም ሰምቼዋለሁ። ስለ ልጁ ዓይን ግን የጠየቀው ማታ ነው።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ረዳት ጋላቢ አይታችኋል? ወደ ቡድኑ መኪና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የውኃ ኮዳ በጀርባው፣ በደረቱ፣ በአንገቱ ሥር እስኪያብጥ ይጠቀጥቃል፣ ያን ተሸክሞ ዳገቱን እየጋለበ ለጓደኞቹ ያድላል። ነፋሱን በደረቱ ይመክትላቸዋል። ሥራው ሲያልቅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነው። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እሱም ብዙ ዘመኑን ለሌሎች ሲሠራ ነው ያሳለፈው። ወዳጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ቺፕስ እየቆረጠመ፣ እንዲህ ያለውን ሰው "ሰነፍ! ለምን ቀረ?" ይለዋል። ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት የሚጠብቅ ሰው!

"በሬ ሆይ! በሬ ሆይ! ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን የምቆመው ለበሬው ነው። በሬ ሳር ቢያይ ምን ያስገርማል? ርቦታል። ጥያቄው ገደል አፋፍ ላይ ሳሩን ማን አለመለመው ነው። የወዳጄ ስልክ ላይ "ነፃ ውርርድ ተሰጥቶሃል" የሚል መልእክት የሚመጣው ሁልጊዜ ደመወዝ በገባ ማግሥት ነው። እንዴት አወቁ? የቤልጂግ መንግሥት በሐምሌ 2023 የቁማር ማስታወቂያን አብዛኛውን ከለከለ። በመስከረም 2024 ደግሞ የቁማሩን ዕድሜ ወደ 21 ከፍ አደረገ። ደግ አደረገ። ለሃምሳ ዓመቱ ወዳጄ ግን የወጣለት ሕግ የለም።

እና አዎ፣ ለቅሶ ቤት ስልክ ይዘጋ። ብያለሁ።

ሳር ዘሪውን ግን አውቀዋለሁ። ባህር ዳር ሳድግ ብስክሌት የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። በሰዓት ያከራያል። አንድ ቀን ጎማው ጣና ዳር ተንፍሶብኝ እየገፋሁ መለስኩለት። ሰውዬው ከመነዳሪውን አውጥቶ ባሊ ውኃ ውስጥ ነከረው። አረፋው ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከድሮ ልጣፎች ጠርዝ ሁሉ ቡልቅ ቡልቅ አለ። "አየህ ያደረግከውን?" አለኝ። የሙሉ ከመነዳሪ ዋጋ አስከፈለኝ፤ ከዚያ ያንኑ ለጥፎ፣ እዚያው ፊቴ፣ ለሚቀጥለው ልጅ አከራየው። ጎማው ቢተነፍስም ባይተነፍስም እሱ ይበላል። ማን ቀደመ፣ ማን ወደቀ፣ ጉዳዩ አልነበረም።

ዛሬም ባህር ዳር ስሄድ በዚያ በኩል አላልፍም። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል ይሉኛል። ይሠራ። ያ ፎቅ ውስጥ የኔም ከመነዳሪ አለበት።