የኩግል ጨው በሚዛን ወይስ በመዳፍ?

የድንች ኩግል ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ የሰንበት ምግብ ነው። ድንችና ሽንኩርት ተፈቅፍቆ፣ በእንቁላልና በዘይት ተለውሶ ኦቨን ውስጥ ይጋገራል። እስራኤል ባሉ የእኛ፣ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁድ፣ ቤቶችም ከገባ ቆይቷል። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «የኩግል ጨው መመዘን አለበት» የሚል ነው። «ባለሚዛን» በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ታበስላለች። «ባለመዳፍ» በ1991 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት የጎንደር እናቶች አንዷ ናቸው።

ባለሚዛን፦

ነገሩ አጭር ነው። ወጥ ሲሠራ ይቀመሳል። መዳፍ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ይላሳል፣ ጨው ካነሰው ይጨመራል። ኩግል እንዲህ አይደለም። ጥሬ ድንች ከጥሬ እንቁላል ጋር ማን ይቀምሳል? ኦቨን ከገባ ደግሞ በቃ፣ አለቀ። ያውም የሚበላው ዓርብ ማታ ነው፤ ሰንበት ከገባ ወዲያ ማስተካከል የለም።

ስለዚህ ይመዘን። ለ2 ኪሎ የተላጠ ድንች፣ 2 ትልልቅ ሽንኩርት፣ 6 እንቁላልና ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 25 ግራም ጨው። በማንኪያ የምትለኩም ተጠንቀቁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ነው። ሥጋ ደሙ እንዲወጣ የሚነሰነስበት ሻካራው ጨው ግን እንደ ዓይነቱ 3 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ማንኪያው ያው፣ ጨዉ ግማሽ። ድንች ደግሞ ጨው ይውጣል። ያነሰው ኩግል እርጥብ ካርቶን ነው።

መዳፍ አይታመንም። እውነቱ ይኸው ነው።

ባለመዳፍ፦

«መዳፍ አይታመንም» አልሽ ልጄ? በዚህ መዳፍ ስድስት ልጅ አሳድጌበታለሁ። የሰንበት ዳቦ አቡክቼበታለሁ። ጎንደር ሳለን ሚዛን ያለው ገበያ ነበር፤ እሱም ሲያጭበረብር።

ኩግል ያስተማረችኝ እዚህ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ስንገባ ጎረቤቴ የነበረች የፖላንድ ሴትዮ ናት። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። እጇን እያየሁ ነው የተማርኩት። እሷም አልመዘነችም።

አይቀመስም ላልሽው፣ ከሊጡ አንድ ማንኪያ መጥበሻ ላይ ጣል አድርጊ። ጠብሰሽ ቅመሺው። ይህን ወጥ ቤት አላስተማሩሽም?

ሰንበትን ደግሞ ለእኔ ታስተምሪኛለሽ! እኛ አገር ዓርብ ማታ እሳት ይጠፋል። በማግስቱ የሚበላው ቀዝቃዛውን ነው። ምግብ ሲቀዘቅዝ ጨዉ ይደበቃል፤ ትኩስ ሳለ ልክ የነበረው ነገ አልጫ ይሆናል። እናቶቻችን የዓርቡን ጨው ሲጥሉ ይህን አስበው ነው። ሚዛንሽ ኩግሉ በትኩሱ ይበላ በቀዝቃዛው ያውቃል?

እኔ ድንቹን ፈቅፍቄ ጨው እነሰንስበታለሁ። ውሃውን ይለቃል፣ ጨምቄ እደፋለሁ፣ ከዚያ እንቁላሉ ይገባል። ኩግል የሚጠብቀው እንዲህ ነው።

ባለሚዛን፦

እትዬ፣ በአክብሮት ነው የምጽፈው። ግን ያቺን የመጨረሻዋን ነገር መልሰው ያንብቧት። ጨው ይነሰንሳሉ። ውሃው ይወጣል። ውሃውን ይደፋሉ። ጨዉስ? አብሮ ተደፋ! ስንቱ እንደሄደ ደግሞ ማን ያውቃል? በደቃቁ የተፈቀፈቀው ብዙ ውሃ ይለቃል፣ ሻካራው ትንሽ። አንድ ሳምንት ጠንክረው ይጨምቃሉ፣ አንድ ሳምንት ክንድዎን ያምዎታል። መጀመሪያ ይጨመቅ። ውሃው ጥቂት ይቀመጥና ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ወደ ድንቹ ይመለስ። ጨው ከዚያ በኋላ ነው፣ ተመዝኖ።

የመጥበሻው ዘዴ ደህና ነው፤ አልክድም። ግን ስስ ሆኖ ሲጠበስ ውሃው ይተናል፣ ምላስ ላይ ጨዋማ ይሆናል። በዚያ ተታለው ለትሪው ይቀንሳሉ።

ደግሞ መዳፍን ስጠራጠር በከንቱ አይደለም። እዚህ የገባን ሰሞን በየቤቱ ዶሮ ወጡ ጨው በጨው ሆኖ አልነበረም? የእስራኤል ካሸር ዶሮ፣ በአይሁድ ሕግ የተዘጋጀው፣ ደሙ እንዲወጣ ጨው ተነስንሶበት፣ ታጥቦ የሚሸጥ ነው። መዳፍ ግን የጎንደሩን ልክ ደገመ።

ባለመዳፍ፦

ጨው በጨው የሆነው አንድ ዶሮ ነው። አንድ! ሁለተኛው ልክ ነበር። መዳፍ ይማራል። ሚዛን አንድ ቁጥር ይዞ ሙጭጭ ይላል።

«በአክብሮት» ብለሽ ጀመርሽ፤ «አይታመንም» ያልሽው ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። አላነሳሽውም። እናትሽ ሚዛን ነበራት? ያሳደገሽን እጅ ነው አይታመንም ያልሽው።

ለነገሩ የእኔ ኩግል ጨው አንሶት አያውቅም። ሚጥሚጣ ስለምነሰንስበት ልጆቼ ከትሪው ጥግ ጀምረው ይጨርሱታል።

ባለሚዛን፦

ሚጥሚጣ! ይበሉ እንጂ፣ አሁን ገባኝ። ሚጥሚጣ እኮ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ጨው ይነሰንሳሉ፣ ከውሃው ጋር ይደፋሉ፣ የጎደለውን ሳያስቡት በሚጥሚጣ ይሞላሉ። ኩግሉን የሚያድነው መዳፍዎ ሳይሆን ሚጥሚጣዎ ነው።

እናቴን ከዚህ ያውጡልኝ፣ ወይዘሮ።

ሚጥሚጣ የገባበት ደግሞ ኩግል አይባልም። ይጣፍጥ ይሆናል፤ ኩግል ግን አይደለም። የድንች ኩግል ቅመሙ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነው። የማበላው 80 ዓመት ሙሉ ሲበሉት የኖሩትን ነው። ሹካቸውን ዝም ብለው ሲያስቀምጡ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ባለመዳፍ፦

ከ«እትዬ» ወደ «ወይዘሮ» ወረድኩ። ይሁን።

ጨዉን ትተሽ ደግሞ ኩግል ምን እንደሆነ ልትነግሪኝ ነው። እሺ። ኩግል ማለት በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ ድቡልቡል ነገር ነው አሉ። ያንቺ ትሪ ድቡልቡል ነው? የኢየሩሳሌሞቹ ስኳር አሳርረው ስስ ፓስታ ላይ ያፈሱና ቁንዶ በርበሬ ይሞጅሩበታል። ኩግል ነው። ሊትዌንያዎች የአሳማ ሥጋ ከድንቹ ጋር ከትተው «ኩገሊስ» ብለው የአገራቸው ምግብ አድርገውታል። ለአሳማ የተፈቀደ ስም ለሚጥሚጣ ይከለከላል?

ያቺ ጎረቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ መጀመሪያ ስትቀምሰው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳህኗን ግን ደግማ ዘረጋች።

ዓርብ ነይ። ሚዛንሽን ቤትሽ ትተሽ።

ባለሚዛን፦

እመጣለሁ እትዬ። በጠዋት ነው የምመጣው፣ ሲፈቀፈቅ ልድረስ። ከውሃው ጋር ስንት ጨው እንደሚሄድ ግን እስካሁን አልመለሱልኝም። የጨመቁትን ውሃ እንዳይደፉት። በሳህን ያቆዩልኝ፣ እቀምሰዋለሁ።