ኦርጅናል ናትና አትንኳት

በአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ብፌ ነው። መስታወቱን አልፎ የገባ ዕቃ ከዚያ ወዲያ ዕቃ መሆኑ ይቀራል። እዚያ የተደረደሩት ስድስት ሲኒዎች ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ቡና ሸትቷቸው አያውቅም፤ ቡናው የሚጠጣው ከንፈራቸው በተሸረፈው ነው። ሶፋው ላስቲኩን እንደለበሰ ሦስተኛ ፋሲካውን ይዟል። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ቻናል የሚቀየረው በጸሎት ነው። በውስን ቁጥር የተሠራች ባርቢ ከአሜሪካ መጥታ እንዲህ ያለ ቤት ከገባች ዕጣዋን ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ከነካርቶኗ ከሲኒዎቹ ጎን ትቆማለች፤ እንግዳ ሲመጣም "ኦርጅናል ናት" ተብላ ትተዋወቃለች።

ጣጣው የሚመጣው ከቤቱ ልጆች አንዷ "ፊቷን አጥፍቼ እንደገና ልሣላት" ያለች ዕለት ነው።

"ምን ጎደላት ልጄ?"

"የእኔ ናት እኮ እማዬ።"

"ያንቺማ ናት። ግን የብፌው ናት።"

ይህ ጠብ ለፒያሳ ሰው አዲስ አይደለም። አሮጌ ሕንፃ ተፍቆ ቀለም በተቀባ ቁጥር "ታደሰ" የሚለውና "ጠፋ" የሚለው ከአንድ ጠረጴዛ ማኪያቶ ሲጠጡ ኖረዋል። አሻንጉሊት ሰብሳቢዎቹ ግን ከሁለቱም ይብሳሉ። (እዚህ ከተማ አሻንጉሊት መሰብሰብ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። "ሰብሳቢ ነኝ" ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "የየትኛው እድር?" ተብሎ ነው።)

እስቲ "ውስን" የሚለውን ቃል እንፈትሸው። የባርቢ አምራች ማቴል በፈረንጆቹ 2004 ለሰብሳቢ የሚያወጣቸውን በመለያ ከፋፈላቸው፦ ሲልቨር ሌብል እስከ 50,000፣ ጎልድ ሌብል እስከ 25,000፣ ፕላቲነም ሌብል ከ1,000 በታች። ሃያ አምስት ሺህ መንትያ ያላትን "አንድዬ" ብሎ መጥራት፣ "የቅርብ ሰው ብቻ ነው የጠራነው" እያለ ሁለተኛ ድንኳን የሚያስተክል ሠርግን ይመስላል። ፕላቲነም ከሆነች ግን ነገሩ ይለያል፤ እሷን ለመንካት የቃጣው እጅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ከቁጥሯ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ውድ ያደረጋት የቱ ክፍሏ እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው ፊቷ ይመስለዋል። ሱፐርስታር የሚባለው የፊት ቅርጽ ግን በ1977 ወጥቶ ለዓመታት በርካሾቹ ባርቢዎች ላይ ሲመታ ኖሯል፤ በ1988 የወጣችው የመጀመሪያዋ ሃፒ ሆሊዴይስ ባርቢም፣ ሰብሳቢ ሁሉ የሚያውቃት ባለ ቀይ ቀሚሷ፣ የያዘችው ይህንኑ ፊት ነው። በ1967 የወጣችው ጥቁሯ ፍራንሲም፣ የባርቢ ዘመድ ተብላ የተሸጠችው አሻንጉሊት፣ ከነጯ የተለየችው በቀለም እንጂ በቅርጽ አልነበረም። ብርቅ የሆነው እንግዲህ የፋብሪካው ቀለም፣ ቀሚሱ፣ ጫማውና ካርቶኑ ነው። ሞዲፋይ የሚያደርግ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የሚያጠፋው እነዚህኑ ነው። የሚቀረው ጎማ በየገበያው ሞልቷል።

ፒያሳ ወርቅ ቤት የገባ ይህን ሂሳብ ያውቀዋል። አያት የተውትን ድሪ አቅልጦ አዲስ ሐብል ማሠራት ይቻላል፤ ወርቁ ያው ወርቅ ነው። ለመሸጥ የተመለሱ ቀን ግን ሚዛኑ የሚያውቀው ግራሙን ብቻ ነው፤ የእጁ ዋጋ እዚያው ቀልጧል። አሻንጉሊት ደግሞ ግራም እንኳ የላትም።

ስለዚህ መሣል ያማራት ልጅ ያንኑ ፊት የያዘች ርካሽ እህቷን ትፈልግ። ብርቋ የምትነካው አስቀድሞ የተበላሸች እንደሆነ ነው። ካርቶኗ የጠፋ፣ ፀጉሯ በመቀስ የተጎመደ፣ ወይም ጆሮዋ አረንጓዴ የሆነ። አረንጓዴ ጆሮ የቀድሞዎቹ ባርቢዎች በሽታ ነው፤ የብረት ጉትቻቸው ዝጎ ጭንቅላታቸው የተሠራበት ለስላሳ ጎማ፣ ቪኒሉ፣ ውስጥ ይሰርጋል። መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ አለ፦ የብጉር ቅባት፣ 10 በመቶ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ያለበት። እድፉ ላይ ብቻ ቀብቶ፣ በስስ ላስቲክ ሸፍኖ፣ በየቀኑ እያዩ ቀናት መጠበቅ ነው። ከተረሳ አረንጓዴውን አልፎ የቆዳዋን ቀለም ያነጣል። ፋርማሲስቷ "ለስንት ዓመት ልጅ ነው?" ስትል "ለስልሳ" ማለት ግን አይመከርም።

የካርቶኑ ክርክር ደግሞ እዚህ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ በሌለበት የሚካሄድ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይፈቀድለታል፤ የሰፈሩን ሁሉ ጫማ ሲጭን መጀመሪያ የሚጣለው አየር የያዘው ካርቶን ነው። ባርቢ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ ቦሌ ትደርሳለች። ብፌው ፊት የሚከራከሩት ሰዎች ጉዳይ ዋሽንግተን ላይ ተፈርዶ አልቋል።

እሺ፤ ካርቶን የላትም፣ ፀጉሯንም የአጎት ልጅ ጎምዶታል፤ ተፈቅዷል እንበል። ከሁሉ በፊት ከአራቱም ጎን ፎቶ ትነሣ፤ በኋላ "እንደነበረች መልሻት" የሚል አይጠፋምና። ቀጥሎ ጭንቅላቷን በጣት ጫን ማለት ነው። እንደ ኳስ ከተበገረ ቪኒል ነው፤ አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያጠፋው ፈሳሽ) ይችላል። ድርቅ ካለ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ አሴቶን ሲነካው እንደተላሰ ከረሜላ ይሟሟል። የባርቢ ደረት ራሱ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ጠብታ እንዳይወርድበት በፌስታል ይጠቀለላል፤ ለሪሞቱ የለመድነው እጅ እዚህ ይጠቅማል።

አሴቶኑ ንጹሕ ይሁን። ጥፍር ቤት ያለው መዓዛማው ሮዝ ዘይትና ማቅለሚያ ስላለበት አንዱን ቀለም አጥፍቶ ሌላውን ትቶ ይሄዳል። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክሮ ከዳር ወደ መሃል መጥረግ፣ በየጠረጋውም ጥጡን መለወጥ ያስፈልጋል። ቀይ ከንፈር በአንድ ጥጥ ከተጠረገ ጉንጯ ሁሉ በርበሬ ስትደልዝ የዋለች ያስመስላታል። ሰነፍ ሰው ጭንቅላቱን አሴቶን ውስጥ ዘፍዝፎ ወደ ቡናው ይሄዳል። ቪኒሉን ያለሰለሰው ዘይት ግን በአሴቶኑ ይወጣና ይኮማተራል፤ አቦል ላይ የተዘፈዘፈች በረካ ላይ ጭንቅላቷ ለትከሻዋ አንሶ ትጠብቃለች። ደግሞ አሴቶን ወዲያው በእሳት የሚያያዝ ነው፤ ከሰሉና ጀበናው ካሉበት ክፍል ጨርሶ አይከፈት። ካለቀ በኋላ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጥባ ትድረቅ፤ ከዚያ ፊቷን በጣት መንካት ክልክል ነው። የእጅ ቅባት የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም።

ጭንቅላቷን መንቀል የሚያስፈልግ እንደሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ነክሮ በቀስታ እያዞሩ መሳብ ነው። በደረቁ የተሳበ እንደሆነ አንገቷ ውስጥ ያለው ቁልፍ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቷ እንደ ሚኒባስ ረዳት ወጣ ገባ እያለ ይኖራል።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ግን ቀለሙን የሚያስይዘው ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ ቫርኒሽ ነው። ባዶ ቪኒል ላይ እርሳስ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከሥር ስስ ቫርኒሽ፣ ከላይ ቀለም፣ እንደገና ቫርኒሽ ይደረባል። የፈረንጅ ባለሙያ ሁሉ የጃፓኑን ሚስተር ሱፐር ክሊር የሚባል ስፕሬይ ያወድሳል። ስፕሬዩ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም፤ ዘመድን ማስቸገር ዘመዱን ከፈታሽ ጋር ማጣላት ነው። "መርካቶ የመኪና ቫርኒሽ አለ" የሚል ብልጥ ከየቤቱ አይጠፋም። አለ፤ ለመኪና። ለስላሳ ቪኒል ላይ ግን ብዙው ቫርኒሽ ከጎማው ከሚወጣው ዘይት ጋር ተጣልቶ አይደርቅም፤ ባርቢ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የማር እንጀራ ሆና ዝንብና አቧራ ትሰበስባለች። የሚያዋጣው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ማት ቫርኒሽ ነው። በደቃቅ ስፖንጅ መታ መታ ተደርጎ፣ በጣም በስሱ፣ እያደረቁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረባል። ስፕሬይ እንደምንም ያገኘ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ማስክ አድርጎ፣ ውጭ ወጥቶ ይርጨው፤ በሐምሌ ግን አይሞክረው። እርጥበት ያለው አየር ቫርኒሹ ውስጥ ተይዞ ይነጣል፤ ልጅቷ ዱቄት ስትነፋ የዋለች ትመስላለች። ለዚህ ሥራ ከጥቅምት ወዲያ ያለው ፀሐይ ይሻላል፤ መስቀል ካለፈ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ቅንድብና ጉንጭ በደረቅ ፓስቴል፣ እንደ ጠመኔ ባለ ቀለም፣ ነው፤ በምላጭ ተፍቆ ዱቄቱ በለስላሳ ብሩሽ ይነሰነሳል። መስመሩ በውሃ ቀለም እርሳስ ይሣላል፤ ቢበላሽ በእርጥብ ጥጥ ስለሚጠፋ። ዓይን ሲሣል አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ትልቁ ስሕተት ነው። የግራው ብሌን ሲሣል የቀኙም ብሌን፣ የግራው ሽፋን ሲሣል የቀኙም ሽፋን ይሁን፤ ፎቶ አንስቶ በስልክ ገልብጦ ማየትም ብዙ ያጋልጣል። አለዚያ አንዱ ዓይን አራት ኪሎን፣ ሌላው ለገሃርን ያያል። ከሁሉ መጨረሻ ዓይኑና ከንፈሩ ላይ ብቻ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጠብ ማድረግ ነው።

ፀጉር ላይ አዲስ አበባ ከማንም ትበልጣለች ብንል ማጋነን አይሆንም። ለሹሩባ ማስረዘሚያ የሚሸጠው ካኔካሎን አሻንጉሊት ሠሪው ዓለም የሚጠቀምበት ክር ነው፤ አንድ እሽግ ለብዙ ጭንቅላት ይበቃል። አሮጌው ፀጉር ከሥሩ ይቆረጣል፣ ቀሪው በአንገቷ ቀዳዳ በኩል በወረንጦ ተለቅሞ ይወጣል። አዲሱ ከግንባር መስመር ጀምሮ ወደ መሃል፣ በየቀዳዳው ከ15 እስከ 20 ዘለላ በመርፌ ይገባል። ከውስጥ ነጭ ኮላ ተቀብቶ ሙሉ ቀን ይደር። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፤ ግን ይደርቅና ጭንቅላቷን ድንጋይ ያደርገዋል። ሥራው ሁለት ሦስት ምሽት ይፈጃል፤ አንገትም ያማል፤ የሚያማው አንገት የአሻንጉሊቷ አይደለም።

ለከርል ቢጉዲን ለዚህች ጭንቅላት ግንድ ነው፤ የጭማቂ ስትሮ ተቆርጦ ይበቃል። ተጠቅልሎ ሙቅ ውሃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሳይነካ መድረቅ። ሹሩባ ሠሪዎች የጉንጉኑን ጫፍ በፈላ ውሃ የሚነክሩት ሙያም ይኸው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ካኔካሎንም ከልክ ያለፈ ሙቀት ስለሚያንጨባርረው ለዚህ ሥራ የእንጦጦ ሥር ሰው ሆኖ መወለድ ትንሽ ጥቅም አለው። ፒያስትራ ግን ከቤት ይውጣ። ያቀልጠዋል።

ፀጉር ተሠርቶ ሐበሻ ቀሚስ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች የሽሮ ሜዳን ጥለት ቆርጠው ያለብሷትና ልጅቷ ምንጣፍ የተጠቀለለች ትመስላለች። ባርቢ 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ የሰው አንድ ስድስተኛ። በሰው ላይ 12 ሳንቲ የሆነ ጥለት በእሷ ላይ 2 ሳንቲ መሆን አለበት፤ ይህም በአንድ ዘለላ ክር በእጅ ይጠለፋል እንጂ አይቆረጥም። ፈትል ነጠላም ክሩ አብሮ ስለማያንስ ትከሻዋ ላይ እንደ ካርቶን ይቆማል፤ ስሱ ሻሽ ግን እንደ ነጠላ ይወርዳል። ጥለቱ ቀይ ወይም ጥቁር ከሆነ ክሩ አስቀድሞ ታጥቦ ቀለሙን ይጨርስ፤ ከውስጥም ነጭ ገበር ይኑረው። ቪኒል ማቅለሚያ ይጠጣል፤ በዓመቱ ቀሚሱ ሲወልቅ ጥለቱ እግሯ ላይ ታትሞ ይገኛል።

"ነጯን ጠይም ለማድረግ ቀለም ውስጥ እንዘፍዝፋት" የሚሉም አሉ። እጇ፣ እግሯና ደረቷ ከተለያየ ፕላስቲክ ስለተሠሩ እያንዳንዱ የራሱን ጥቁረት ይዞ ይወጣል። የማቴል ዲዛይነር ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የነደፈቻት ብላክ ባርቢ ከ1980 ጀምሮ አለች፤ ዘፍዛፊው ምን እንደቸኮለ አይገባም።

ብላይዝ የምትባለው ባለ ትልቅ ጭንቅላቷ አሻንጉሊት ብቻ ከዚህ ሁሉ ሕግ ውጭ ናት። በ1972 የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ኬነር ለአንድ ዓመት ሠርቶ ተዋት፤ የጃፓኑ ታካራ በ2001 አስነሳት። የ1972ቷ እንዳለች ትቀመጥ። የአዲሶቹን ፊት ግን ባለሙያዎች በብርጭቆ ወረቀት ሞርደው እንደገና ይቀርጹታል፤ የታወቀ እጅ የነካት ከፋብሪካ ከወጣችው ይበልጥ ታወጣለች። ፊቷ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ አሴቶን እንዳይነካት። ዋጋዋን ግን ለእናት አለመንገር ነው፤ "ታዲያ ለምን ያቺን አላመጣችሁም?" ይላሉ።

ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ አንዱን ወገን ማንም አይጠይቀውም፦ ለበዓል የመጣችውን የአራት ዓመት ሕፃን። ትልልቆቹ ስለ ኦርጅናልነት ሲሟገቱ እሷ ብፌውን ከፍታለች፤ በሰማያዊ እስክሪብቶም ባርቢን ኩል ኩላታለች። እዚህ ላይ አሴቶን ያነሣ ሰው ይያዝ፤ ቀለሙን አሟሙቶ ቪኒሉ ውስጥ ያሰርገዋል። ያው የብጉር ቅባት ነው፤ ስስ ላስቲክ፣ ብዙ ቀን። ሲኒዎቹም ይቆጠሩ።