የኮሰሰው ጠገራ

ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ ጠገራ ብር ከመሐረብ ተፈትቶ ወጣ፤ የእትዬ እናት በሣጥን ያቆዩት ማርትሬዛ። ከጎረቤት ሌላ ጠገራ መጥቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የኛው አነሰ። በቃ! በአቦል የተጀመረው ክርክር እስከ በረካ ዘለቀ። አንዱ «ብዙ እጅ ነክቶት አልቆ ነው» አለ። ሌላው «የድሮ ሰው ግዙፍ ነበር፤ እንዲህ ያለ ኩርማን ብር አይዝም» ብሎ ደመደመ። አንዷ ፎቶ አንስታ «ሚሊዮን ያወጣል!» አለች። ወርቅ ቤት ወስደን እናስመዝነው ያለ ግን የለም። መመዘን እንደ ስድብ ሳይቆጠር አይቀርም።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ማየት አይጠቅምም፤ ስሟን የሰጠችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ብሩ ከዚያ ወዲህ በቪየናም፣ በሮምም፣ በለንደንም ያንኑ 1780 ተሸክሞ ሲታተም ኖሯል። እጅ የበላው ብር ፊቱ ይላጋል እንጂ ወርዱ እምብዛም አይቀንስም። ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ እዚያ የተቀረጸው ጽሑፍ ይጎድላል። ከእውነተኛ ብር ላይ ቅርጽ ወስዶ አቅልጦ ያፈሰሰ አስመሳይ ከሆነ ደግሞ፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ልጁ ከእናቱ ያንሳል። እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው፤ በእትዬ ፊት ግን ማን ደፍሮ ይናገራል?

አስመሳይ ደግሞ ድሮም አልጠፋም። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የመዳብ 25 ሳንቲም ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስፋቱ ስለተቀራረበ፣ ብርማ ቅብ እየለቀለቁ በእጥፍ የሚያሳልፉት ተነሡ። መፍትሔው የ25ቱን ጠርዝ ዙሪያውን መሸራረፍ ሆነ። ሌባው ሲያጭበረብር ሳንቲሟ ተቆረጠች።

ከተረት ሁሉ የምወደው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለውን ነው፤ የምወደውም ደርሶብኝ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ያበደርኩት አንድ ዘመዴ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ «እንካ፣ ሰባራ ሳንቲም አልጎደለችም» ብሎ ቆጥሮ ሰጠኝ። እውነቱን ነው፤ አልጎደለችም። ኖቶቹ ሙሉ፣ ቁጥሩ ሙሉ፣ መቀስ የነካው የለም። ስሰጠው ማቀዝቀዣ ይገዛ የነበረ ገንዘብ ግን ሲመለስ ለበሩም አይበቃ! ጭራሽ አመሰግናለሁ እንድለው ቆሞ ጠበቀኝ። የጠገራ ጠርዝ የሚቆርጥ ሰው ቢያንስ ተደብቆ ነው የሚቆርጠው። ይሄኛው መርቄው እንድሸኘው ይፈልጋል! አሁንም ለቅሶ ቤት ባገኘኝ ቁጥር «ዕዳ የማይወድ ሰው ነኝ» ይለኛል።

ጠገራው? እስካሁን አልተመዘነም። የእትዬ ልጆች ግን ሚሊዮኑን በሐሳብ ተካፍለው፣ ታላቅየው አብዝቶ ወስዷል ተብሎ ተኮራርፈዋል።