ሜይዘር የአካዳሚው መሥራች አይደሉም

«ካርል ሜይዘር የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ መሥራችና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው» የሚለው አባባል እርማት ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ዩታ፣ ፕሮቮ ከተማ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ብሪገም ያንግ አካዳሚን ያቋቋመውን የአደራ ሰነድ የፈረሙት ራሳቸው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን መሪ ብሪገም ያንግ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1875። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህርም ዋረን ዱሰንቤሪ ነበሩ። ሜይዘር ኃላፊነቱን የተረከቡት በኤፕሪል 1876 ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ናቸው።

«የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት» ማለቱ ደግሞ ከናካቴው አያስኬድም። ተቋሙ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1903 ሲሆን፣ ሜይዘር በፌብሩዋሪ 1901 አርፈዋል። ስሙንም አልሰሙትም።

ስህተቱ ከየት መጣ ቢባል፣ እስከ 1892 ድረስ 16 ዓመት ስለመሩትና መልኩን ስላስያዙት ነው። በጃንዋሪ 1884 ሕንፃው በእሳት ሲወድም ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ እዚያም እዚህም በተገኙ ክፍሎች፣ ኋላም በንግድ መጋዘን ውስጥ አዲሱ ሕንፃ እስኪያልቅ ቀጠለ። ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በእህልና በአትክልት የሚከፈልበት ጊዜ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት ያቆየ ሰው መሥራች ቢመስል አያስገርምም።

«ሐዋርያ ነበሩ»፣ ማለትም ከሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የበላይ መሪዎች አንዱ፣ የሚሉም አሉ፤ አልነበሩም። ከ1888 ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ቀደም ብሎም የስዊስና ጀርመን ሚስዮንን መርተዋል። ትውልዳቸውም ዩታ ሳይሆን የሳክሶኒዋ ማይሰን ነው፤ በ1855 ድሬስደን አጠገብ በኤልብ ወንዝ ተጠመቁ።