«ይረፉ» ለተባሉ ሰዎች 24 ቆርኪ

ሰው ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ቤተሰቡ አንድ ቃል ይለምዳል፦ «ይረፉ»። ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ «ይረፉ»፣ አምፖል ሊቀይሩ ሲነሱ «ይረፉ»፣ የፖለቲካ ወሬ ሲጀምሩማ «ኧረ አባባ፣ ይረፉ!»። ጋቢ ይደረብላቸዋል፤ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል፤ ሪሞቱ ግን የልጅ ልጅ እጅ ላይ ይቀራል። ውጭ አገር ያለው ልጅ ደግሞ «አእምሯቸው እንዲነቃቃ» ብሎ ታብሌት ይልካል። ታብሌቱም በጥልፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ ይታያል።

እኚህ ሰው የቸገራቸው የሚያሸንፉት ሰው ማጣት ነው። የሚያሸንፋቸውም ቢመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ቢያንስ የሚቆጡበት ያገኛሉ። የጨዋታው ዕቃ እንደሆነ ከቤትና ከጓሮ የሚለቀም ነው።

ከዳማ እንጀምር። ሰሌዳው 64 ቤት አለው፣ በየጎኑ 8። ብዙ ሰው ቤቱን 3 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ይሠራና ኋላ ይጸጸታል። ቆርኪ ከጥርስ እስከ ጥርስ 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ የጎረቤቱን ቤት ይረግጣል፤ «እዚህ ነበረች»፣ «የለም፣ እዚያ ነበረች» የሚል የድንበር ክስ ይከፈታል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ቤቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሰሌዳው 40 በ40 ይወጣል። ኮምፔንሳቶ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ የቴሌቪዥን ካርቶን ሁለት ድርብ በኮላ ተጣብቆ ከእህል ጆንያ ሥር ይደር። ሳይጫነው የደረቀ ካርቶን ይጎብጥና ቆርኪው ሁሉ ወደ መሀል ይንሸራተታል። ቀለሙ ጥቁርና ቢጫ ይሁን። ቡናማና ቀይ ለሳሎን ያምራል፤ የዓይን ሞራ ላለበት ሰው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ቫርኒሽ የሚባል ነገር አይነካው፤ የአምፖሉ ነጸብራቅ አራት ቤት ይሸፍናል፣ ሽንፈትም ሁሉ በአምፖሉ ይሳበባል።

ቆርኪው ለእያንዳንዱ 12 ነው። ልማዱ አንደኛው ቆርኪውን ደፍቶ፣ ሌላኛው ገልብጦ ማሰለፍ ነው። ዓይን ለደከመበት ግን ሁለቱም ደፍተው፣ አንዱ የቢራ ሌላው የለስላሳ ቢይዝ ይለያል (የቢራውን ለማሰባሰብ በጎ ፈቃደኛ ጠፍቶ አያውቅም)። መክፈቻ ያጎበጠው ቆርኪ ስለሚንገዳገድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቀስታ ተቀጥቅጦ ይቅና። ጥርሶቹ 21 ናቸው፣ ሁሉም ይቧጭራሉ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በትንሽ ጭረት ብዙ ይደማል። ስለዚህ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይለስልሱ። ቀጥሎ ውስጡ በቀለጠ ሻማ ይሞላ። ክብደት ሲያገኝ በጋቢ ጫፍም ሆነ በማስነጠስ አይበተንም። ይህን ያላደረገ ሰሌዳ፣ ተሸናፊው ባላሰበ ሰዓት ሳል ሲይዘው ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፍ። መብላት ግዴታ ነው ወይስ ውዴታ? ተራው ቆርኪ ወደ ኋላ ይበላል? ንጉሡ ከጥግ እስከ ጥግ ይጋልባል ወይስ አንድ አንድ ቤት ይራመዳል? ይህ ካልተጻፈ ክርክሩ የሚነሳው ንጉሥ ከነገሠ በኋላ ነው፤ ያኔ «እኛ ሰፈር ድሮ እንዲህ ነበር» የሚለው ምስክርነት ይግባኝ የለውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለገና ብቻ ነው፤ ስለ ዳማ ማንም ዋስ አልሆነም።

ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ሰው ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፣ ምላሱን ይመጣል፣ «አይ!» ይላል። ማባረር አይቻልም፤ ጎረቤት ነው፣ ምናልባትም የዕድር ሰብሳቢ። መድኃኒቱ ወንበር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥቶ ነጥብ መዝጋቢ አድርጎ መሾም ነው። ሹመት የተሰጠው ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ ያደርገዋል።

ገበጣ ለመሥራት ዋንዛ የሚጠርብ ሰው ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። 30 እንቁላል የሚይዘው የወረቀት ትሪ 5 በ6 ነው። በመቀስ ሲከፈል ባለ 12 ጉድጓድ ሁለት ረድፍና ባለ 18 ጉድጓድ ሦስት ረድፍ ይወጣዋል፤ ሁለት ገበጣ፣ ትራፊ የሌለው። ለመጀመሪያው በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ ጠቅላላ 48፤ ለሁለተኛው 3፣ ጠቅላላ 54። በጉድጓዶቹ መካከል የቆሙት ጉብታዎች ጣቱ በቁርጥማት የደነደነን ሰው ስለሚያደናቅፉ አናታቸው ይቆረጥ። ትሪው ቀላል ነውና ጣውላ ላይ ይጣበቅ፤ ቡና ቢፈስበት እንዳይሟሽሽም ቀለም ይቀባ።

የጠጠሩ ጉዳይ ከባድ ነው። ጥሬ ባቄላ ለጣት ይመቻል። ሽምብራ ያንሳል፤ የተቆላ ሽምብራ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ በተቆላ እህል የተጀመረ ገበጣ አሸናፊው የሚታወቀው በጉንጩ ነው። ባቄላውም ክዳን ባለው ጣሳ ካልተቀመጠ ነቀዝ ይገባዋል፤ ሕፃን ባለበት ቤትም ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሕጉን በተመለከተ፣ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ከ100 በላይ የገበጣ ዓይነት መዝግበዋል። እንግዲህ ሁለት ሽማግሌዎች «ትክክለኛው የኔ ነው» ብለው ሲጣሉ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ግን ጨዋታው ሳያልቅ መንገር አይመከርም።

እማማዎቹን ረስተን ከሆነ እነሱ አይረሱንም። ለነሱ ቅልልቦሽ አለ፣ ድንጋዩ ብቻ ይቀየር። ከቁራጭ ጨርቅ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 5 ከረጢቶች ተሰፍተው እስከ ሁለት ሦስተኛቸው ምስር ይሞሉ። ጢም ብሎ የተሞላ ከረጢት ይነጥራል፤ ጎደል ያለው ግን መዳፍ ላይ ዘፍ ብሎ ይቀራል። መሬት ሳይሆን ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይጫወቱት፤ ጉልበት አይታጠፍም፣ የወደቀም አይጠፋም። አንዷ ስትቀልብ ሌላዋ እንቆቅልሽ ትጠይቅ። ያላወቀች አገር ትሰጣለች፤ አገር የተሰጣትም የዘመናት ቂሟን በስድብ ታወራርዳለች፣ እሱም ሕጋዊ ነው።

እግር ለደከመው 6 የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በሦስት፣ በሁለት፣ በአንድ ተደርድሮ፣ ከሦስት ሜትር ርቀት በካልሲ ኳስ መምታት ነው። ባዶው በበር ንፋስ ይወድቃል፣ የሞላው አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ሩቡን ብቻ አሸዋ ይሞላ። መወርወሪያው ወንበር መደገፊያ ያለው፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ ይሁን፤ የፕላስቲክ ወንበር ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ከኳሱ በፊት ተጫዋቹ ይደርሳል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የቤተሰብ ነው፦ አውቆ መሸነፍ። ልጅ ሆን ብሎ ንጉሡን ለመበላት ሲያቀርብ አባት ያውቃሉ። 30 ዓመት የተማሪ ኩረጃ ሲይዙ የኖሩ መምህር ይህን አያጡትም። በሙሉ ኃይል ይጫወቷቸው፤ ካሸነፉም ይፎክሩባቸው። «አይ ጋሼ፣ ዛሬማ ደክመዋል» ተብለው የተነኮሱ ሰው በማግስቱ ተላጭተው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ይቀርባሉ።

በመጨረሻ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ቆርኪው ይቆጠር፣ ከ24ቱ ሌላም 4 መጠባበቂያ በፖስታ ይቀመጥ። ልጆች አንዱን መውሰዳቸው አይቀርም፤ መጠባበቂያ ከሌለ ደግሞ በጎደለው ቦታ የሚሰለፈው የደም ግፊት ክኒን ነው። ማታ «አባባ፣ ክኒንዎን ወሰዱ?» ሲባሉ መልሱ «አልወሰድኩም፤ ያ ሌባ በላብኝ» ይሆናል።