ከተከላው በኋላ ያለው ሲቲ ስካን አይዘለል

ለፕሮስቴት ካንሰር ከሚሰጡት የጨረር ሕክምናዎች አንዱ አዮዲን 125 የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዙ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ የቲታኒየም ቅንጣቶችን ፕሮስቴቱ ውስጥ ተክሎ እዚያው መተው ነው። ሕመምተኛው እንዲያይ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ከተከላው በፊት የተሠራው ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ደግሞ ሁልጊዜ ያምራል፤ ኮምፒውተር ላይ መርፌ አይጣመምም፣ ፕሮስቴትም አያብጥም።

ለዕቅዱ በፊንጢጣ በሚገባ አልትራሳውንድ ፕሮስቴቱ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ይነሳል። የሽንት ቧንቧው ለይቶ እንዲታይ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ይገባል። ይህ ሕክምና ለብቻው ሲሰጥ በተለምዶ የሚታዘዘው የጨረር መጠን 145 ግሬይ ነው፤ ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ቅንጣቶቹን እኩል መበተን አይሠራም፤ የሁሉም ጨረር መሃል ላይ ተደራርቦ የሽንት ቧንቧውን ይጎዳል። ስለዚህ አብዛኞቹ ወደ ዳር ይደረደራሉ።

ፈተናው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይጀምራል። መርፌው ሲገባ ፕሮስቴቱን ይገፋዋል፣ ያዞረዋል። የተለቀቀ ቅንጣት መርፌው ሲወጣ ተከትሎት ሊንሸራተት ይችላል፤ ከሌሎቹ ጋር ያልተያያዘ ነጠላ ከሆነ በደም ሥር ተወስዶ ሳንባ የሚደርስበትም ጊዜ አለ። መወጋቱ ራሱ ያሳብጣል፤ ያበጠ ፕሮስቴት ቅንጣቶቹን ያራርቅና የጨረር መጠኑን ያወርዳል። ቅንጣቶቹ በእርግጥ የት እንዳረፉ የሚታየው ከተከላው በኋላ በሚነሳ ሲቲ ስካን ነው፤ ለአዮዲን ይህ ስካን አንድ ወር ገደማ ተጠብቆ የሚነሳው እብጠቱ እስኪጎድል ነው።

በዚያ ምስል ላይ ዲ90 ይሰላል፤ ማለትም 90 በመቶው የፕሮስቴት ክፍል ቢያንስ ያገኘው መጠን። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ከፊት በኩል ትንሽ ቢጎድል ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ካንሰሩ በብዛት በሚነሳበት በኋላው ዳር ከጎደለ ግን ቅንጣት መጨመር ወይም ከውጭ ጨረር መስጠት ይታሰባል። ይህን ለመወሰን ደግሞ ምስሉ መኖር አለበት።

ምስሉና ስሌቱ ሲዘለሉ የሚሆነውን የፊላደልፊያው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 ከተሠሩት 116 ተከላዎች 97ቱ የሕክምና ስህተት ተብለው ተመዘገቡ። በኮምፒውተር ግንኙነት ብልሽት ከአንድ ዓመት በላይ የድኅረ ተከላ ስሌት ሳይሠራ ተከላው ቀጥሎ ነበር። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2010 የ227,500 ዶላር ቅጣት ጣለ። ለእኔ ከቅጣቱ ይልቅ የሚከብደው ስሌት በሌለበት ቀጠሮ መያዙ አለመቆሙ ነው።

ይህን ሕክምና የሚወስድ ሰው፣ ወይም አባቱን የሚያሳክም ልጅ፣ ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ዲ90 ስንት ሆነ? በስንተኛው ቀን በተነሳ ምስል?